ከተጣለ የፎቶ ኮፒ መኪና ስለሚገኘው ብርሃን



በእስቴ ምድር፣ ከጉና ተራራ በታች በምትገኘው በመካነ ኢየሱስ ከተማ፣ እንደ ማናቸውም የወረዳ ከተማ ሁሉ፣ መሥሪያ ቤትና ትምህርት ቤት ባለበት አካባቢ «ፎቶ ኮፒ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈባቸው ትንንሽ ቤቶች ይገኛሉ። ተማሪው የትምህርት ማስረጃውን፣ ባላገሩ የመሬት ይዞታ ደብተሩን፣ ባለጉዳዩ የክስ ማመልከቻውን ይዞ ይመጣል። መኪናውም መብራት እስካለ ድረስ ከጧት እስከ ማታ ሲያባዛ ይውላል። ከዕለታት አንድ ቀን ግን ወረቀት እየያዘ ማስቸገር ይጀምራል፤ ቀጥሎም ገጹን ያጠቁራል፤ በመጨረሻም ጭራሹን ዝም ይላል። ባለሙያ ተጠርቶ «መለዋወጫው አይገኝም» ያለ እንደ ሆነ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይገፋል። በዚያም አቧራ ሲጠጣ ከርሞ፣ በኪሎ ተመዝኖ ለቁራሌው ይሸጣል። ከዚያ በኋላ ብረቱ ለብቻ፣ መዳቡ ለብቻ፣ አሉሚኒየሙ ለብቻ ይለያል። ሚዛን የማያነሣው ሁሉ ግን ተሰባብሮ ይጣላል።

ዛሬ ልናወጋችሁ የተነሣነው ስለዚሁ ሚዛን ስለማያነሣው ነገር፣ ይኸውም በመኪናው ሆድ ውስጥ ስላሉት ሌንሶች፣ መስታወቶችና ስለ ሌዘሩ ነው። ሌዘር የሚለው ስም ሰውን ስለሚያስደንቅ፣ አሮጌ መኪና የሚፈቱ ወጣቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልጉት እሱን ነው። በእኛ አስተያየት ግን ከሦስቱ ዋጋው ያነሰውና አደጋው የበዛው ሌዘሩ ነው። ይህንንም ለማስረዳት መኪናው እንዴት እንደ ተፈጠረ ከመነሻው መተረክ ያስፈልጋል። ምክንያቱም የፎቶ ኮፒ መኪና በየዘመኑ የተጨመረለትን ጥበብ ደራርቦ ለብሶ የሚገኝ ስለ ሆነ፣ ታሪኩን የማያውቅ ሰው ከፍቶ ቢያየው እንኳ የቱ ለምን እንደ ተቀመጠ ሊለይ አይችልም። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው፣ የኢትዮጵያ ካላልን በቀር፣ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ጽሑፍ ማባዛት ለዚህ አገር እንግዳ ሥራ አይደለም። ለእስቴ ጎረቤት በሆነው በጋይንት አገር ቤተ ልሔም የድጓ፣ ዙር አምባም የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ሆነው ከጥንት ጀምሮ የታወቁ ናቸው። የድጓ ተማሪ እንደ ልማዱ የሚማርበትን መጽሐፍ ራሱ ይጽፋል። ብራናውን ዳምጦ፣ ቀለሙን በጥብጦ፣ መቃውን ቀርጾ፣ ፊደሉን ከነዜማ ምልክቱ ከመምህሩ መጽሐፍ ላይ እየገለበጠ ብዙ ወራት ይፈጃል። በዚያ ሥርዓት የሚባዛው መጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ ጸሐፊው ሲገለብጥ ይማራልና ዕውቀቱም አብሮ ይባዛል። በእርግጥ ስሕተትም እንዲሁ ይባዛ ነበር። አንድ ጸሐፊ የዘለለውን መስመር ከእርሱ የገለበጡት ሁሉ ዘልለውት ይገኛሉ፤ ዛሬ የመጻሕፍትን ዝምድና የሚመረምሩ ሊቃውንትም የትኛው ከየትኛው እንደ ተገለበጠ የሚያውቁት በዚሁ ነው።

ጸሐፊዎቹና ጠራዞቹ ደግሞ ውዳቂ ማባከን አያውቁም ነበር። ብራና የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ዋጋ አለው። ስለዚህ አሮጌ መጽሐፍ ሲበታተን ደኅና ሆኖ የቀረውን ቅጠል ለአዲሱ መጽሐፍ መከለያ አድርገው ከገበታው ቀጥሎ ያስገቡት ነበር። ከዚህም የተነሣ አንዳንድ ጊዜ በመጽሐፉ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ከመጽሐፉ ራሱ ዕድሜው የሚበልጥ ቅጠል ይገኛል።

ማተሚያው ከመጣ በኋላ ነገሩ ተፋጠነ። የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓመተ ምሕረት በአዲስ አበባ ተቋቋመ። በየመሥሪያ ቤቱም የጽሕፈት መኪናና ካርቦን ወረቀት፣ ቆይቶም በሰም ወረቀት ላይ እየተጻፈ በቀለም የሚያባዛው መኪና ገባ። በዚያ መኪና ሲሠራ የኖረ ጸሐፊ እጁና ሸሚዙ ከቀለም ነፃ ሆኖ ወደ ቤቱ የገባበት ቀን ጥቂት ነው። እነዚህ ሁሉ ግን ጽሑፍን በቀለም የሚያባዙ እንጂ በብርሃን የሚያባዙ አልነበሩም። በብርሃን ማባዛት በአገራችን በሰፊው የታየው መጻሕፍቱን ፎቶግራፍ ማንሣት ሲጀመር ነው። በ1973 የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀምሮ ከ9,000 የሚበልጡ ጥራዞች ተነሡ። የፊልሙም ቅጂ በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ ክፍል፣ በኮሌጅቪል በሚገኘው የመነኮሳት ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። ይህንን ስብስብ ረዥም ዘመን የመረመሩትና መዝገብ ያዘጋጁለት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ2021 አርፈዋል። በሀገር ቤት የጠፋ መጽሐፍ ሥዕሉ በዚያ ሊገኝ የሚችለው አንድ ሌንስ ከገጹ ፊት ቆሞ ስላየው ነው።

አሁን ወደ ፎቶ ኮፒው መኪና አባት እንሻገር።

ቼስተር ካርልሰን የተባለው አሜሪካዊ በ1906 ተወለደ። ወላጆቹ በሽተኞችና ድሆች ስለ ነበሩ ገና በልጅነቱ ቤተ ሰቡን መርዳት ግድ ሆኖበት አደገ። ፊዚክስ ከተማረ በኋላ በኒው ዮርክ ከተማ የፈጠራ መብት ማመልከቻዎችን በሚያዘጋጅ ክፍል ተቀጠረ። ሥራው የአንዱን ወረቀትና ሥዕል ብዙ ቅጂ የሚጠይቅ ነበር፤ ቅጂውም ሁልጊዜ ያንሳል። ማታ ማታ ደግሞ ሕግ ይማር ስለ ነበረና መጽሐፉን ለመግዛት ዐቅም ስላልነበረው፣ ከቤተ መጻሕፍት ተውሶ በእጁ ይገለብጥ ነበር። የመገጣጠሚያ ሕመም የጀመረው ሰው በመሆኑ ግልበጣው እጁን ያሠቃየው ጀመር። የዚህን ሰው ታሪክ ስናነብ የቤተ ልሔም ተማሪዎች ትዝ ቢሉን አንባቢ አይፍረድብን። ልዩነቱ እነርሱ ግልበጣውን የትምህርታቸው ክፍል አድርገው ሲቀበሉት፣ እርሱ ግን ሊገላገለው መነሣቱ ነው።

ካርልሰን በመጀመሪያ በቤቱ ማድ ቤት ውስጥ ድኝ እያቀለጠ ይሞክር ነበር፤ ሽታው ጎረቤት እንዳሳዘነ ይነገራል። ቆይቶ በአስቶሪያ ሠፈር ጠባብ ክፍል ተከራይቶ ኦቶ ኮርናይ የተባለውን ከኦስትሪያ የመጣ መሐንዲስ ረዳት አድርጎ ቀጠረ። በኦክቶበር 22 ቀን 1938 ሁለቱ ሰዎች ድኝ የተቀባ የዚንክ ሰሌዳ በጨርቅ አሽተው በኤሌክትሪክ ሞሉት። በብርጭቆ ላይም «10-22-38 አስቶሪያ» ብለው በቀለም ጽፈው ሰሌዳው ላይ አኖሩና ኃይለኛ መብራት አበሩበት። ብርሃን ያገኘው የሰሌዳው ክፍል ኤሌክትሪኩን ለቀቀ፤ በፊደሎቹ ጥላ ሥር የዋለው ግን እንደ ያዘ ቀረ። ከዚያ ደቃቅ ዱቄት ቢነሰንሱበትና እፍ ቢሉት ዱቄቱ በፊደሎቹ መልክ ተጣብቆ ተገኘ። ሰም የተቀባ ወረቀት ተጭነው በሙቀት አነሡት። ጽሑፉ ያለ ቀለም፣ ያለ ውኃ፣ ያለ ፊልም ተገለበጠ።

ዛሬ በመካነ ኢየሱስ የሚሠራው መኪና በመሠረቱ ከዚያች ሰሌዳ የተለየ ነገር አይሠራም። በሰሌዳው ፈንታ የሚሽከረከር ከበሮ፣ በጨርቁ ፈንታ ኤሌክትሪክ የሚረጭ ሽቦ ወይም ጥቅል ጎማ፣ በዱቄቱም ፈንታ ቶነር የሚባለው ጥቁር የፕላስቲክ ደቃቅ ገብቶለታል። ወረቀቱ ሲወጣ ትኩስ ሆኖ የሚገኘው ዱቄቱ በሙቀት ቀልጦ ስለሚጣበቅ ነው።

ካርልሰን ፈጠራውን ይዞ ከ20 በላይ ለሚሆኑ ኩባንያዎች ቢያቀርብ የሚቀበለው አጣ። ያን ጊዜ ከታወቁት ትልልቅ ኩባንያዎች መካከል ብዙዎቹ የካርቦን ወረቀት እያለ ይህ ለምን ያስፈልጋል በሚል ዓይነት አስተያየት አሰናበቱት። በ1944 በኦሃዮ ያለው የባቴል የምርምር ድርጅት፣ ቀጥሎም በሮቸስተር ከተማ የነበረው ሃሎይድ የተባለ አነስተኛ የፎቶግራፍ ወረቀት ኩባንያ ያዙለት። ከግሪክኛው «ደረቅ» እና «ጽሕፈት» ከሚሉት ቃላትም ዚሮግራፊ የሚል ስም ወጣለት፤ ኩባንያውም ኋላ ዚሮክስ ተባለ። በ1959 ለሕዝብ የታየው 914 የተባለው መኪና ወደ 300 ኪሎ የሚጠጋ ክብደት ነበረው፤ በደቂቃም 7 ቅጂ ያወጣ ነበር። ወረቀት ሲይዝ አልፎ አልፎ የሚቃጠል ስለ ነበረ እሳት ማጥፊያ አብሮት ይሰጥ ነበር። ካርልሰን በዚህ ሥራ እጅግ ባለጸጋ ቢሆንም አብዛኛውን ሀብቱን ለበጎ አድራጎት ሰጥቶ በ1968 ሞተ።

አንባብያን ልብ እንድትሉልን የምንፈልገው፣ እስከዚህ ድረስ ሌዘር የሚባል ነገር አለመግባቱን ነው። የዚያ ዘመን መኪና ገጹን በኃይለኛ መብራት ያበራል፤ ብርሃኑ ከገጹ ተመልሶ በመስታወቶች እየተጠመዘዘ በአንድ ትልቅ ሌንስ አልፎ ከበሮው ላይ ይወድቃል። ስለዚህ የጥንቱ ፎቶ ኮፒ መኪና ማለት ሥዕሉን በፊልም ፈንታ በከበሮ ላይ የሚያሳርፍ ትልቅ ካሜራ ማለት ነው።

ሌዘሩ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። አልበርት አይንስታይን በ1917 ብርሃን ሌላ ብርሃን ሊቀሰቅስ እንደሚችል በሒሳብ አመለከተ። በሜይ 16 ቀን 1960 ቴዎዶር ሜይማን በካሊፎርኒያ፣ በማሊቡ፣ ከሩቢ ዕንቍ የመጀመሪያውን ሌዘር አበራ። ያን ጊዜ ለምን እንደሚጠቅም በትክክል የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ሥራ ፈላጊ መሣሪያ ነው እየተባለ ይቀለድበት ነበር። ሥራ ካገኙለት ሰዎች አንዱ ጌሪ ስታርክዌዘር የተባለው የዚሮክስ መሐንዲስ ነው። የተወለደውም በ1938 ማለት የአስቶሪያው ሰሌዳ በተሠራበት ዓመት ነበር። እርሱም ከበሮው የገጽን ሥዕል ከሚጠብቅ ይልቅ፣ የሌዘር ጨረር እንደ ብዕር በራሱ ላይ ቢጽፍበትስ ብሎ አሰበ። አለቆቹ ሌዘር ውድ ነው፣ ሐሳቡም ከንቱ ነው ብለው ተቃወሙት። በ1971 ኩባንያው በካሊፎርኒያ፣ በፓሎ አልቶ ወዳቋቋመው የምርምር ቤት ተዛውሮ በአንድ ፎቶ ኮፒ መኪና ውስጥ ሌዘሩን አስገባና ሠራው።

ችግሩ የነበረው መስታወቱ ላይ ነው። ጨረሩ በገጹ ወርድ ላይ መስመር በመስመር እንዲመላለስ፣ ብዙ ገጽታ ያለው እንደ ተጠረበ ዕንቍ የሆነ መስታወት በከፍተኛ ፍጥነት መሽከርከር አለበት። ከገጽታዎቹ አንዱ በጥቂቱ እንኳ ያጋደለ እንደ ሆነ መስመሩ ከቦታው ይዛነፋል። ያለ እንከን መጥረብ ደግሞ የማይቻል ያህል ውድ ነበር። ስታርክዌዘር መስታወቱን ፍጹም በማድረግ ከመድከም ይልቅ በአንድ ወገን ብቻ የጎበጠ፣ በርሜል መሰል ሌንስ በመንገዱ ላይ አስቀመጠ፤ ሌንሱም የተዛነፈውን ጨረር ወደ መስመሩ መለሰለት። በእኛ ግምት ከሌዘሩ ይልቅ ይህች ቁራጭ ሌንስ ናት የሌዘር ማተሚያን ለገበያ ያበቃችው። በ1977 በሰከንድ ሁለት ገጽ የሚያትመው 9700 የተባለው መኪና ወጣ። በ1984 ደግሞ ሂውሌት ፓካርድ የተባለው ኩባንያ፣ የካኖንን ሞተር ይዞ፣ ከሩዝ ፍሬ በማይበልጥ የሌዘር ዳዮድ የሚሠራውን ትንሽ ማተሚያ ሸጠ። ከ1990ዎቹ ጀምሮ የፎቶ ኮፒው መኪናም ከዚሁ ጋር ተዋሐደ፤ ገጹን አንድ ጊዜ አንብቦ በማስታወሻው ይይዝና በሌዘር ይጽፈዋል።

እንግዲህ በየግምጃ ቤቱ ከወደቁት መኪኖች ውስጥ የቱ ሌዘር እንዳለው ሳይፈቱ ማወቅ ይቻላል። መኪናው ገና በሚሠራበት ጊዜ ከአንድ ገጽ ዐሥር ቅጂ ሲታዘዝ መብራቱ ዐሥር ጊዜ ይመላለስ ከነበረ የጥንቱ ዓይነት ነው፤ ሌዘር የለውም። አንድ ጊዜ ብቻ ተመላልሶ ዐሥሩን ያወጣ ከነበረ አዲሱ ዓይነት ነው። ከአዲሶቹም ጥቂቶቹ በሌዘር ፈንታ የተደረደሩ ጥቃቅን መብራቶች ይጠቀማሉ።

አሁን ስለ ጥቅሙ እንናገር። የጥንቱ መኪና ሲፈታ የሚገኘው ትልቁ ሌንስ ብዙ የብርጭቆ ክፍሎች በአንድ የብረት ቀፎ ተገጥመውለት የተሠራ፣ ለትምህርት ቤት ሲገዛ የሚከብድ ዕቃ ነው። አንድ መምህር ክፍሉን አጨልሞ በመስኮቱ ቀዳዳ ላይ ቢያኖረውና ነጭ ወረቀት ቢዘረጋለት፣ ከውጭ ያለው ዛፍና ተራራ ተገልብጦ በቀለሙ ወረቀቱ ላይ ይታያል። ፎቶግራፍ ምን እንደ ሆነ፣ ዐይናችንም እንዴት እንደሚያይ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም። እንዲሁም ርቀተ ትኩረቱ 200 ሚሊ ሜትር የሆነ ሌንስ ከፊት፣ 10 ሚሊ ሜትር የሆነ ትንሽ ሌንስ ከዐይን በኩል በካርቶን ቱቦ ቢገጠሙ፣ 200 ለ10 ሲካፈል 20 ይሆናልና 20 ጊዜ የሚያቀርብ መነጽር ይሆናል። ሌንሱ የተሠራው ለቅርብ ወረቀት እንጂ ለሰማይ ስላልሆነ ሥዕሉ በዳሩ ይደበዝዛል። ቢሆንም ጋሊሌዮ በጃንዋሪ 1610 የጁፒተርን አራት ጨረቃዎች ያየው ወደ 20 ጊዜ ያህል በሚያቀርብ፣ የብርጭቆው ጥራት ከዚህ በሚያንስ መነጽር ነው። የጉና አካባቢ ሌሊት ደመና በሌለበት ወራት ምን ያህል የጠራ እንደ ሆነ ለእስቴ ሰው መንገር አያስፈልግም። ብቻ በእንደዚህ ያለ መነጽር ፀሐይን የተመለከተ ልጅ ዐይኑን በቅጽበት ያጣል፤ ይህ ሳይነገረው መነጽሩ ሊሰጠው አይገባም።

መስታወቶቹም እንደ መላጫ መስታወት አይደሉም። የመላጫው መስታወት ቅቡ ከብርጭቆው በስተኋላ ስለ ሆነ ከዋናው መልክ ጋር አንድ ደብዛዛ መልክ ጨምሮ ያሳያል። የፎቶ ኮፒው ግን ቅቡ ከፊት ነው። ለመለየት የእስክሪብቶ ጫፍ ወደ መስታወቱ ጠርዝ ቀስ ብሎ ማስጠጋት ነው፤ ጫፉና የጫፉ መልክ ከተገናኙ ቅቡ የፊት ነው፣ በመካከላቸው ክፍተት ከታየ የኋላ ነው። የፊት ቅብ በደረቅ ጨርቅ ከተወለወለ ይጫራል፤ አቧራውን በንፋስ ብቻ ማራገፍ ይበቃል። ብዙ ሰው ሊያጸዳው ብሎ የሚያበላሸው በመጀመሪያው ደቂቃ ነው።

ወደ ሌዘሩ እንመለስ። በአዲሱ መኪና ውስጥ ጥቁር የተዘጋ ሣጥን አለ። በሣጥኑ ውስጥ ሌዘሩ፣ ጨረሩን የምታስተካክል ትንሽ ሌንስ፣ ያቺ የስታርክዌዘር በርሜል መሰል ሌንስ፣ በደቂቃ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ዙር የሚዞረው ባለ ብዙ ገጽታ መስታወትና ረዥሙ ጎባጣ ሌንስ ተሰልፈው ይገኛሉ። ሣጥኑን የከፈተ ሰው በሥራው ጥራት መደነቁ አይቀርም። ሌዘሩ ግን ኃይሉ ከጥቂት ሚሊዋት የማይበልጥ ነው። ወረቀት አያቃጥልም፣ ብረት አይቆርጥም። በብዙዎቹ መኪናዎች ብርሃኑ ወደ 780 ናኖ ሜትር የሚጠጋ ስለ ሆነ ዐይን ከሞላ ጎደል አያየውም። ለጉዳት የሚዳርገውም ይኸው አለመታየቱ ነው። ቀይ ወይም አረንጓዴ ጨረር ዐይንን ቢመታ ሰው ወዲያው ይጨፍናል፤ የማይታየው ጨረር ሲገባ ግን ዐይን አይጨፈንም። የዐይን ሌንስም ያን ቀጭን ጨረር ሰብስቦ በዐይን ውስጠኛ ግድግዳ ላይ አንድ ነጥብ ያደርገዋል። በዚያ ነጥብ የሞተው የዐይን ክፍል ተመልሶ አይድንም፤ ሕመምም ስለሌለው ተጎጂው የሚያውቀው ሲያነብ ፊደል ሲጠፋበት ነው። መኪናው ተዘግቶ ሲሠራ ምንም አደጋ የለውም። አደጋው የሚጀምረው ሣጥኑን ከፍቶ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ሰው ሲመጣ ነው።

በዚህ ላይ የሌዘር ዳዮድ ከልብስ በሚነሣ የኤሌክትሪክ ብልጭታ እንኳ የሚሞት ልፍስፍስ ዕቃ ነው። ከተፈቱት ብዙዎቹ ከመሥራታቸው በፊት ሞተው ይቀራሉ። ስለዚህ ወጣቱ ስለ ሌዘር ለመማር ከፈለገ፣ ብርሃኑ የሚታይና ኃይሉ አነስተኛ መሆኑ የተጻፈበትን መጠቆሚያ ቢገዛ ይሻለዋል። ከሣጥኑ ውስጥ የሚሽከረከረውን መስታወትና ሌንሶቹን ወስዶ ዳዮዱን በካቻቢቴ ሰብሮ መጣል፣ እንደ እኛ አስተያየት፣ ከሁሉ የተሻለው ፍርድ ነው። ረዥሙ ጎባጣ ሌንስ ለማጉያ እንደማይሆንም አብረን እንገልጻለን፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ለተለየ ሥራ የተሠራ ነውና።

ሌሎቹንም አደጋዎች ባጭሩ እናንሣ። መኪናው ከሶኬት ተነቅሎ ቢያንስ አንድ ቀን ሳይቆይ መነካት የለበትም፤ በሥራ ጊዜ በሺህ የሚቆጠር ቮልት የሚያመነጭ ክፍል አለው። ቶነሩ እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ፣ ከእሳት ርቆ፣ በእርጥብ ጨርቅ መሰብሰብ ነው። በጣም ያረጁት መኪኖች ከበሮ ሴሌኒየም፣ አንዳንዱም ከዚሁ ጋር አርሴኒክ የተቀባ ስለ ነበረ መርዛማ ነው፤ አይፋቅም፣ አይቃጠልም፣ ለልጅ መጫወቻም አይሰጥም።

ስለ መርካቶው ምናለሽ ተራ ሳንናገር ብናልፍ ፍርድ እናጓድላለን። በዚያ ያሉት ባለሙያዎች ከአሮጌ በርሜል ምድጃ፣ ከተጣለ ቆርቆሮ ሣጥን፣ ከተሰበረ ሞተር ሌላ ሞተር ሲያወጡ ማየት ትልቅ ትምህርት ነው። አባካኝ የሚባል ሰው በዚያ ሠፈር የለም። ቁራሌውም በየመንደሩ እየዞረ ባይሰበስብ ኖሮ ብዙው ዕቃ በገደል አፋፍ ተጥሎ በቀረ ነበር። ነገር ግን የዚህ ሁሉ ንግድ ዳኛው ሚዛን ነው። ሚዛን ደግሞ በ20 ሳንቲም የብረት ቀፎና በውስጡ ባለው ሌንስ መካከል ያለውን ልዩነት አያውቅም፤ እንዲያውም ብርጭቆው ብረቱን እንዳያከብድ ተሰብሮ እንዲወጣ ያዛል። ፈቺዎቹን ለመውቀስ አይደለም። የሌንሱን ዋጋ የሚከፍል ገዢ ወደ እነርሱ ካልመጣ እነርሱ ለማን ያስቀምጡታል?

መንግሥትም ነገሩን ዝም አላለውም። ኢትዮጵያ አደገኛ ውዳቂ ከአገር ወደ አገር ሲዘዋወር የሚቆጣጠረውን የባዝል ስምምነት በ2000 ተቀብላለች። በ2018 ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ስለ ኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክ ውዳቂ አያያዝ ደንብ ቁጥር 425ን አውጥቷል። ደንቡ የሚያተኩረው ጉዳት በመከላከል ላይ ነው፤ ተገቢም ነው። ከውዳቂው መካከል ትምህርት ቤት ሊጠቀምበት የሚችለውን አስቀድሞ መለየት ግን በየወረዳው ያለ ሰው ሥራ ነው።

ይህም በሥርዓት መሆን አለበት። የመሥሪያ ቤት መኪና የመንግሥት ንብረት ስለ ሆነ ማንም ካቻቢቴ ይዞ ሊፈታው አይችልም። የማያገለግሉ ዕቃዎች ተቆጥረው፣ በኮሚቴ ታይተው፣ ዋጋ ወጥቶላቸው ነው የሚወገዱት። የፊዚክስ መምህር ሌንስና መስታወት ቢፈልግ፣ ትምህርት ቤቱ ለዕቃው ባለቤት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጽፎ መኪናው እንዲዛወርለት ወይም ክፍሉ እንዲሰጠው ሊጠይቅ ይችላል። አስረካቢው መሥሪያ ቤት ደግሞ አንድ ነገር እንዳይረሳ እናሳስባለን፤ ከአዲሶቹ መኪኖች ብዙዎቹ የገለበጡትን ጽሑፍ የሚይዝ ዲስክ በውስጣቸው አላቸው። የደመወዝ መዝገብ፣ የክስ ፋይል፣ የሰው የሕክምና ወረቀት በዚያ ሊገኝ ስለሚችል ዲስኩ ወጥቶ መጥፋት ይኖርበታል።

ደብዳቤው ግን መድረስ ያለበት ጨረታው ከመውጣቱ በፊት ነው። መኪናው አንድ ጊዜ ከሚዛን ላይ ከወጣ በኋላ የሌንሱ ነገር የሚወሰነው ከቁራሌው ጋር በሚደረግ ድርድር ነው፤ ቁራሌውም ሌንስ ፈላጊ መምህር መምጣቱን ካወቀ ዋጋውን ከፍ ማድረጉ አይቀርም።